ቬሪፊኬሽን አብሮ አይዛወርም፦ ኮሌጅ ለሚቀይሩ ተማሪዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ስዛወር ክሬዲቴ ተከተለኝ፣ ትራንስክሪፕቴም ተከተለኝ፤ የፋይናንሻል ኤይድ ፋይሌ ግን እዚያው ቀረ። ይህን ያወቅሁት ትምህርት ሊጀመር አሥር ቀን ሲቀረው፣ ክፍያ ስላልገባ ኮርሶቼ ሊሰረዙ እንደሆነ ሲነገረኝ ነው። የተፈለገብኝ የቬሪፊኬሽን፣ ማለትም ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) ላይ የተሞላው እውነት መሆኑን ኮሌጁ የሚያጣራበት፣ ሁለት ገጽ ፎርም ብቻ ነበር። ፎርሙን የሚጠይቀው መልእክት ግን አንድም ቀን ከፍቼው በማላውቀው አዲስ የተማሪ ኢሜይል ውስጥ ተኝቶ ከርሟል። ከዚያ ወዲህ በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ የእኛ ልጆች ፋፍሳ ሲሞሉ አብሬያቸው እቀመጣለሁ፤ ከታች ያሉት እዚያ የሚመላለሱብኝ ጥያቄዎች ናቸው። ቀኖቹ በሙሉ የፈረንጅ ናቸው። ጁን 30 ሲባል የእኛን ሰኔ 30 አስበው አንድ ሳምንት ያለፋቸው አባት ስላጋጠሙኝ፣ ወሮቹን ሆን ብዬ በእንግሊዝኛ ስማቸው ጽፌያቸዋለሁ።

በድሮው ኮሌጄ ቬሪፊኬሽን ጨርሼ ነበር። አዲሱ ለምን እንደገና ይጠይቀኛል?

ፔል ግራንቱም (ገቢው ዝቅ ላለ ተማሪ የሚሰጠው፣ የማይመለሰው እርዳታ) ብድሩም ከፌዴራል መንግሥት ቢመጣም እጃችሁ የሚገባው በኮሌጁ በኩል ነው። ኦዲተር ሲመጣ የሚጠየቀውም ኮሌጁ ነው። የድሮው ኮሌጅ ያየውን ወረቀት ደግሞ አዲሱ አላየውም።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ በር ግን አለ። የተዛወራችሁት በዚያው የትምህርት ዘመን ውስጥ ከሆነ፣ ማለትም ፎልን (በኦገስት ወይም በሴፕቴምበር የሚጀምረውን ሴሚስተር) አንድ ቦታ ተምራችሁ ለስፕሪንግ (ጃንዋሪ ለሚጀምረው) ሌላ ቦታ ከሄዳችሁ፣ ፋፍሳችሁ ላይ ያለው መረጃም ካልተለወጠ፣ የድሮው ኮሌጅ «የዚህን ተማሪ ማመልከቻ አጣርቻለሁ» ብሎ የፋፍሳውን የትራንዛክሽን ቁጥር (ፋፍሳው በተሞላ ወይም በተስተካከለ ጊዜ የሚሰጠውን መለያ) ጠቅሶ ደብዳቤ ሊጽፍላችሁ ይችላል። የፌዴራሉ ደንብ አዲሱ ኮሌጅ በዚህ ደብዳቤ ተመርኩዞ ድጋሚውን እንዲተው ይፈቅድለታል። መጀመሪያ አዲሱን ቢሮ «እንዲህ ያለ ደብዳቤ ትቀበላላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አዎ ካሉ የድሮውን ቢሮ አስጽፉ። ባንኮኒው ላይ የተቀመጠው የተማሪ ሠራተኛ ስለ ደንቡ ሰምቶ የማያውቅ ከሆነ አማካሪ እንዲያገናኛችሁ በትሕትና ለምኑት።

ለፎል የምትዛወሩ ከሆነ ግን ደብዳቤው አይሠራም። አዲሱ ዘመን ጁላይ 1 ይገባል፤ ፋፍሳውም አዲስ ነው፣ ከተመረጣችሁም ማጣራቱ አዲስ ነው።

መመረጤን በምን አውቃለሁ? የሠራሁት ስህተት አለ ማለት ነው?

ስህተት አለ ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው ይመረጣል፣ አንዳንዱም በዕጣ ነው። ፋፍሳው ከታየ በኋላ በሚወጣው ማጠቃለያ ላይ ኤስኤአይ ከሚባለው፣ የቤተሰቡን የመክፈል አቅም ከሚገምተው ቁጥር አጠገብ የኮከብ ምልክት ካለ ተመርጣችኋል። ኮሌጁም በራሱ ጥርጣሬ ሊመርጣችሁ ይችላል። ዛሬ ያልተመረጠ ሰው ነገ ፋፍሳው ላይ አንድ ነገር ሲያስተካክል ሊመረጥ ስለሚችል፣ «እኔ ነፃ ነኝ» ብላችሁ የኮሌጁን ፖርታል (የተማሪ ገጻችሁን) አትርሱት።

ቀነ ገደቡ መቼ ነው?

ችግሩ ቀኑ አንድ አለመሆኑ ነው። ልጆች ከአራት ቀኖች መካከል በጣም ሩቁን ሰምተው በእሱ ሲዝናኑ አያለሁ።

ሩቁ የፌዴራሉ ነው። የዘመኑ ፋፍሳ የሚዘጋው ዘመኑ ሲያልቅ በጁን 30 ነው። ለፔል ግራንት ቬሪፊኬሽኑ መጠናቀቅ ያለበት ደግሞ መማር ካቆማችሁበት ቀን በኋላ በ120 ቀን ውስጥ፣ ወይም የትምህርት ሚኒስቴሩ በየዓመቱ በሚያስታውቀው የሴፕቴምበር ቀን፣ ከሁለቱ በቀደመው ነው። ይህ ዓመቱ ካለፈ በኋላ ፋይል ለሚዘጉ ሰዎች የተቀመጠ ድንበር ነው። ኦገስት ላይ ቢል ለሚከፍል ልጅ ምንም አይጠቅመውም።

ቀጥሎ የስቴቱ አለ። በሜሪላንድ የተለመደው ማርች 1 ነው፣ በካሊፎርኒያ ማርች 2። ካሊፎርኒያ ለካል ግራንት (የስቴቱ እርዳታ) ሴፕቴምበር 2ን ሁለተኛ ዕድል አድርጋ ትሰጣለች፤ ዕድሉ ግን በዚያ ፎል ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ላለ ተማሪ ነው። ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተሻገረ ልጅ ባለፈው ዓመት ባደረገው ተማምኖ ሴፕቴምበርን ሲጠብቅ ባዶ እጁን ይቀራል።

ሦስተኛው የኮሌጁ የቅድሚያ ቀን ነው፤ እኔ ከሁሉ በላይ የምፈራው ይህን ነው። ፔል ግራንት ለሚገባው ሁሉ ይደርሳል፣ አያልቅም። ኤስኢኦጂ (ተጨማሪ የፌዴራል ግራንት)፣ ወርክ ስተዲ (እየተማሩ ሠርተው የሚያገኙት ክፍያ) እና ኮሌጁ ከራሱ ኪስ የሚሰጠው ግራንት ግን የተወሰነ ድስት ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ይጎርሳል። ይህ ቀን ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያያል፣ አንዳንዱም ለአዲስ ገቢና ለትራንስፈር የተለያየ ቀን ያወጣል። ድረ ገጻቸው ላይ ስትፈልጉ «ፍሬሽማን» ከሚለው ሥር ያለውን ቀን ለራሳችሁ እንዳትወስዱ።

አራተኛው የክፍያ ቀን ነው። ለፎል ብዙውን ጊዜ ኦገስት ውስጥ ይወድቃል። ፋይላችሁ እስከዚያ ተጣርቶ ካልተዘጋ ቢሉ ላይ «የሚጠበቅ ኤይድ» የሚል መስመር አይወጣም፣ ኮርሶቻችሁም ሊሰረዙ ይችላሉ። በሳመር አንድ ቢሮ ወረቀት ተቀብሎ እስኪያይ ሁለትና ሦስት ሳምንት መፍጀቱ የተለመደ ስለሆነ፣ ከክፍያው ቀን አንድ ወር ወደ ኋላ ቁጠሩ። የእናንተ እውነተኛ ቀነ ገደብ ያ ነው።

ገና መግባቴን ሳላውቅ አዲሱን ኮሌጅ ፋፍሳ ላይ ልጨምር?

አዎ፣ ዛሬውኑ። ፋፍሳ እስከ 20 ኮሌጅ ይቀበላል። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ እየተማራችሁ ለሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲና ለዩኤምቢሲ ካመለከታችሁ፣ ወይም ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ሆናችሁ ጆርጅ ሜሰንን ካሰባችሁ፣ ሁሉንም አስገቧቸው። ኮሌጁ መረጃችሁን የሚያገኘው ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ብቻ ነው፤ የቅበላ ክፍሉ ደብዳቤ ስለላከላችሁ የኤይድ ክፍሉ ያውቃችኋል ማለት አይደለም። የድሮውን ኮሌጅ ደግሞ ለመሸጋገሪያ ሳመር የምትማሩበት ከሆነ አታውጡት።

ምንም ኢሜይል አልደረሰኝም። ታዲያ ምንም አልፈለጉም ማለት ነው?

የእኔ ታሪክ እንዳይደገም ይህን ልብ በሉ። አዲሱ ኮሌጅ የሚጽፍላችሁ እሱ በሰጣችሁ አዲስ ኢሜይል ነው፤ አካውንቱ ተቀባይነት ባገኛችሁ ሰሞን ይከፈታል፣ እናንተ ግን ኦሪየንቴሽን እስኪደርስ አትነኩትም። የይለፍ ቃሉን በመጣላችሁ ዕለት አውጡና በየሳምንቱ ሁለት ቀን ግቡ። ፖርታሉ ላይ «ቱ ዱ» ወይም «ሪኳየርመንትስ» የሚል ዝርዝር አለ፤ የጎደለው ወረቀት መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው።

ሌላም ወጥመድ አለ። ፋፍሳ የሚሞላበትን የስቱደንት ኤይድ አካውንታችሁን የከፈታችሁት በድሮው ኮሌጅ ኢሜይል ከሆነ፣ ያ ኢሜይል ሲዘጋ የመግቢያ ኮዱ የሚላክበት ቦታ አብሮ ይጠፋል። ከመዛወራችሁ በፊት ወደ ግል ኢሜይላችሁ ቀይሩት። የስልክ ቁጥርም የቀየረ እንዲሁ።

ምን ምን ወረቀት ይጠይቁኛል?

በተመደባችሁበት ቡድን ይወሰናል። ቪ1 የገቢና የቤተሰብ ብዛት ማጣሪያ ነው። ቪ4 ማንነታችሁን ያጣራል፦ መታወቂያ ይዛችሁ በአካል፣ ወይም ኮሌጁ ከፈቀደ በቪዲዮ ትቀርባላችሁ፤ ሩቅ ያለ ሰው በኖተሪ (ፊርማን በሕግ በሚያረጋግጥ ሰው) ፊት ይፈርማል። ቪ5 ሁለቱንም ነው። ሌላ ስቴት ወዳለ ኮሌጅ የምትዛወሩና ቪ4 ወይም ቪ5 የወጣባችሁ፣ ኖተሪው የፈረመበት ዋናው ወረቀት በፖስታ ይላክ እንደሆነ ጠይቁ፤ የፖስታው ቀን ከቀነ ገደባችሁ ላይ ይቀነሳል።

በአሁኑ አሠራር የታክሱ መረጃ ከአይአርኤስ (ከአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት) በቀጥታ ወደ ፋፍሳ ይገባል፤ በዚያ መንገድ የገባ ቁጥር እንደተጣራ ይቆጠራልና ለእሱ ወረቀት አትጠየቁም። ለዚህ ግን ተማሪውም ወላጁም ፈቃድ መስጠት አለባቸው። ፈቃድ ያልሰጠ አንድ ሰው ካለ የፌዴራል ኤይድ ጭራሽ አይሰጥም፤ ታክስ ያላስገባ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ የሌለው ወላጅም ቢሆን ፈቃዱን ይሰጣል። ቁጥሩ በእጅ የተሞላ ከሆነ የአይአርኤስ ታክስ ሪተርን ትራንስክሪፕት ወይም የተፈረመ 1040 (የዓመቱ የታክስ ፎርም) ይፈለጋል። ትራንስክሪፕቱን ኦንላይን ወዲያው ማውረድ ይቻላል፤ በፖስታ ካዘዛችሁት ግን ከ5 እስከ 10 ቀን ይወስዳል።

ዓመቱን አትሳቱ። ለ2026–27 የሚፈለገው የ2024 ገቢ ነው። የዘንድሮን ደብሊው-2 (አሠሪ የሚሰጠውን የዓመቱን የደመወዝ ወረቀት) ይዞ መጥቶ ሳምንት ያባከነ ልጅ አውቃለሁ።

እናትና አባቴ አብረው እየኖሩ ሁለቱም «ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ» ብለው ነው ታክስ ያስገቡት። ችግር አለው?

አለው። በእኛ ሰፈር ደግሞ እጅግ የተለመደ ነው። ታክስ የሚሠራላቸው ሰው «ተመላሹ ይበዛላችኋል» ብሏቸው ይሆናል። ይህ ምድብ በአብዛኛው ላላገባ የቤት ኃላፊ ነው፤ ፋፍሳው ላይ ግን ባለትዳር ነን ብለው ሞልተዋል። የኤይድ ቢሮው እርስ በርሱ የሚጋጭ መረጃ ካየ ሳያስታርቀው ገንዘብ መልቀቅ አይችልም፤ አላየሁም ማለትም አይፈቀድለትም። ባልና ሚስት ዓመቱን አብረው ከኖሩ ብዙውን ጊዜ መፍትሔው ታክሱን በ1040-ኤክስ (የማስተካከያ ፎርም) ማስተካከል ነው።

አይአርኤስ የተስተካከለ ታክስ ለማየት ከ8 እስከ 12 ሳምንት እንደሚወስድ ይናገራል። ኮሌጁ ግን ውሳኔውን እስኪያይ መጠበቅ የለበትም፤ የተፈረመና ለአይአርኤስ የገባ የ1040-ኤክስ ኮፒ መቀበል ይችላል። የአራት ዓመቱ ኮሌጅ ማጣራት ሲጀምር ደንግጠው ከሚሯሯጡ፣ ወላጆች ይህን ጉዳይ በታክስ ወቅት፣ የራሳቸውን ታክስ ሲያስገቡ፣ ከታመነ ባለሙያ ጋር ቢያነሱት ይሻላል። ልጅ ለወላጁ እንዲህ ያለ ነገር መናገር እንደሚከብደው አውቃለሁ። እኔ ብዙ ጊዜ የኮሌጁን ኢሜይል ራሱን አትሞ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ሲሠራ አይቻለሁ፤ ያኔ የሚናገረው ልጁ ሳይሆን ቢሮው ነው።

በዲቪ ከመጣን ገና ነው። በ2024 ገቢያችን በብር ነበር።

ገቢው ይሞላል፣ በዶላር ተመንዝሮ። የሚመነዘረው ፋፍሳውን በሞላችሁበት ቀን አካባቢ ባለው ምንዛሪ እንጂ ደመወዙ በተከፈለበት ቀን አይደለም። ይህ ትንሽ ዝርዝር ይመስላል፤ ብር ጁላይ 29 ቀን 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ በኋላ ግን ልዩነቱ ከእጥፍ በላይ ነው። በድሮው ምንዛሪ የሠሩ ቤተሰቦች ገቢያቸውን ከሚገባው በላይ አብዝተው ሞልተዋል።

ማስረጃውን በተመለከተ፣ ከአሠሪው የተጻፈ የደመወዝና የግብር ደብዳቤ ወይም የገቢዎች መሥሪያ ቤት ወረቀት ሊጠየቅ ይችላል። የእኛ የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ ከፈረንጁ ዓመት ጋር አይገጥምም፤ 2024 ማለት ከታኅሣሥ 22 ቀን 2016 እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ያለው ነው። የትኛውን ጊዜ የሚሸፍን ወረቀት እንደሚፈልጉ ቢሮውን በኢሜይል ጠይቃችሁ መልሱን አስቀምጡ፤ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ሁለት ጊዜ ቢሮ እንዳይመላለስ። ወረቀቱ በአማርኛ ከሆነ ለትርጉም የሚሆን ቀንም አስቡ።

የምኖረው አጎቴ ጋ ነው፣ ወላጆቼ ኢትዮጵያ ናቸው። የአጎቴን ገቢ ልሙላ?

አይሆንም። ያሳደጋችሁ፣ የሚያበላችሁ እሱ ቢሆንም በፋፍሳ ዓይን አጎት ወላጅ አይደለም፤ በሕግ ካላሳደጋችሁ፣ ማለትም የጉዲፈቻ አባት ካልሆነ በቀር። 24 ዓመት ያልሞላችሁ፣ ያላገባችሁ፣ ልጅ የሌላችሁ ከሆነ በአብዛኛው ዲፔንደንት (በወላጅ ሥር የምትቆጠሩ) ናችሁና መረጃው የኢትዮጵያ ወላጆቻችሁ ነው። (ለ2026–27 መስመሩ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2003 በፊት መወለድ ነው።) ሶሻል የሌለው ወላጅም የስቱደንት ኤይድ አካውንት መክፈት ይችላል፤ ኔትወርኩ፣ የመግቢያ ኮዱ እና የሰዓቱ ልዩነት ግን ትዕግሥት ይፈትናል። ለዚህ ብቻ ሦስት ሳምንት መድቡ።

የቤተሰባችን ስም አይመሳሰልም። ቢሮው «ይህ ሰው ማን ነው?» ይለኛል።

አባት «በቀለ ተሰማ»፣ ልጅ «ሣራ በቀለ»፣ እናት ሌላ። በእኛ ዘንድ ይህ የወግ ነው፤ ለፈረንጁ ግን ሦስት የማይዛመዱ ሰዎች አንድ ቤት ውስጥ ያሉ ይመስላል። የቤተሰብ ብዛት ፎርሙ ላይ ከስሙ ጎን ዝምድናውን በግልጽ ጻፉ፤ ኢትዮጵያውያን የአባትን ስም እንጂ የቤተሰብ ስም እንደማንጠቀም በሁለት መስመር የሚያስረዳ ማስታወሻ አያይዙ። ብዙ ዙር መመላለስ ያስቀራል። የራሳችሁ ስም ግን ፋፍሳው ላይ በሶሻል ካርዱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሁን። አንዲት ፊደል ከተለየች የሶሻል ሴኩሪቲው ማመሳሰያ ይወድቃል፤ ያ ደግሞ ከቬሪፊኬሽን ውጭ ሌላ ወረፋ ነው። ግሪን ካርድ ላላችሁም የኢሚግሬሽኑ ማመሳሰያ እንዲሁ ለብቻው ይታያል።

ጃንዋሪ ላይ መሃል ዓመት ብዛወርስ?

የድሮው ኮሌጅ ለስፕሪንግ የያዘላችሁን ኤይድ እንዲሰርዝ በጽሑፍ ጠይቁ። ፔል ግራንት በአንድ ጊዜ ከሁለት ኮሌጅ አይወሰድም፤ የድሮው ካልለቀቀ አዲሱ ሊከፍል አይችልም። የዓመቱ የብድር ጣሪያም አንድ ነው፤ በፎል የወሰዳችሁት ይቀነሳል። እንዲሁም በገናና በአዲስ ዓመት መካከል ብዙ ቢሮ ዝግ መሆኑን አትርሱ። ዲሴምበር 20 ያስገባችሁት ወረቀት የሚታየው ጃንዋሪ ነው።

ቀኑ አለፈኝ። አለቀልኝ?

የቅድሚያው ቀን ከሆነ ያለፈው፣ የተወሰነው ድስት ሳያመልጣችሁ አልቀረም፤ ፔል ግራንትና የፌዴራል ብድር ግን አሁንም አሉ። ወረቀቱን ዛሬ አስገቡ። ከዚያ ወደ ሁለት ቢሮ ሂዱ፦ ለኤይድ ቢሮው መቼ ሊያዩት እንደሚችሉ ጠይቁ፣ ለካሺየሩ ወይም ለቡርሳሩ «ፋይሌ ቬሪፊኬሽን ላይ ነው፣ ኮርሶቼ እንዳይሰረዙ ያዙልኝ» በሉ። የሚይዙ አሉ፣ የክፍያ ፕላን የሚያስገቡ አሉ። በፕላን የመጀመሪያውን ክፍያ ከፍላችሁ ኤይዱ ሲገባ ትርፉ ይመለስላችኋል። ያደረጋችሁትን ሁሉ በኢሜይል አድርጉት፤ በስልክ የተባለ ነገር በኋላ ምስክር የለውም።

ታክስ የሚሠራልን ሰው ፋፍሳውንም ልሙላ አለ።

ፋፍሳ በነፃ ነው። ሊረዳችሁ ይችላል፤ የይለፍ ቃላችሁን ግን አትስጡት፣ በስማችሁም አይፈርም።

አባቴ ባለፈው ዓመት ሥራ ለቋል። የ2024ቱ ገቢ እውነቱን አያሳይም።

ቢሮው ሁኔታውን አይቶ ቁጥሩን ሊያስተካክል ሥልጣን አለው፤ ግን ከተመረጣችሁ መጀመሪያ ቬሪፊኬሽኑ መጠናቀቅ አለበት። ስለዚህ ቬሪፊኬሽኑን በጊዜ አስገብታችሁ፣ የሥራ ስንብት ደብዳቤውን በጎን አዘጋጁ።

ፋይሌ ተዘግቷል፣ ብድሬ ግን ካሰብኩት አነሰ። ለምን?

ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ክሬዲት ነው። ዲፔንደንት ተማሪ በሁለተኛ ዓመት እስከ 6,500 ዶላር፣ በሦስተኛ ዓመት እስከ 7,500 ዶላር ይበደራል፤ የስንተኛ ዓመት ተማሪ እንደሆናችሁ የሚቆጠረው ደግሞ አዲሱ ኮሌጅ በተቀበለው ክሬዲት ነው። የመጨረሻው ትራንስክሪፕት ሳይደርስ፣ ወይም ግምገማው ሳያልቅ ኤይዱ ከተሠራ፣ ስልሳ ክሬዲት ያለው ልጅ እንደ ሁለተኛ ዓመት ተቆጥሮ ያድራል። ግምገማው ሲያልቅ ቁጥሩ በራሱ ላይስተካከል ይችላል፤ ፖርታሉ ላይ አዲሱን የክሬዲት ድምር አይታችሁ ለኤይድ ቢሮው «ግሬድ ሌቨሌን እዩልኝ» ብላችሁ ጻፉ።